ልብስ ሰፊዋ የተናገረችው፦ የአንጀት ካንሰር ሕክምና የዕጢውን ዘረ-መል ማየት እንዴት ጀመረ?



ከታካሚዎችና ከአስታማሚዎች ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ እኔንም ጎረቤቴንም የያዘን የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ደረጃውም አንድ ነው ተብለናል። ታዲያ ለእሷ የታዘዘው መድኃኒት ለእኔ ለምን አልታዘዘልኝም?» የሚል ነው። አንዳንዱ ሐኪሙ የዘነጋው ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ አቅሙ ታይቶ የተከለከለ ይመስለውና ቅር ብሎት ይሄዳል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የሁለቱ ሰዎች ካንሰር ስሙ አንድ ቢሆንም፣ ዕጢዎቹ ውስጥ የተበላሸው ዘረ-መል (ጂን) የተለያየ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ የሚሠራው መድኃኒት ለሌላው ምንም ላይጠቅም፣ አልፎ ተርፎም ሊጎዳው ይችላል። ረጅሙ መልስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ ነው። ዛሬ ይህን ታሪክ ላጫውታችሁ ወደድኩ፤ ምክንያቱም ታሪኩን ያስጀመረው ውድ መሣሪያ ሳይሆን፣ የዘመዶቿን ሕመም ሳትደብቅ የተናገረች አንዲት ሴት ናት። እሷ ያደረገችውን እኛም ዛሬ ማድረግ እንችላለን።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልብስ ሰፊዋና ሐኪሙ

በ1895 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር በምትባል ከተማ፣ ፖሊን ግሮስ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ከምትሰፋላቸው ሰዎች አንዱ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ሐኪም የነበሩት ዶክተር አልድሬድ ዋርቲን ናቸው። የፓቶሎጂ ሐኪም ማለት ከሰውነት የተወሰደን ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን የሚለይ ሐኪም ነው።

አንድ ቀን አዝና አይተዋት ምክንያቱን ጠየቋት። እሷም በወጣትነቷ እንደምትሞት እርግጠኛ መሆኗን ነገረቻቸው። ብዙዎቹ ዘመዶቿ በጨጓራ፣ በአንጀት ወይም በማህፀን ካንሰር ሞተዋል፤ እሷም ከዚሁ እንደማታመልጥ ታምን ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ፣ ክፉ አታስቢ» ብሎ ሊያልፋት ይችል ነበር። ዋርቲን ግን የነገረቻቸውን እንደ ሕክምና መረጃ ወሰዱት። ከዘመዶቿ ማን በምን ሞተ፣ በስንት ዓመቱ ሞተ የሚለውን እየተከታተሉ መዘገቡ። በ1913 ጥናታቸውን ሲያሳትሙ ይህን ቤተሰብ «ቤተሰብ ጂ» ብለው ጠሩት። ፖሊን እንደፈራችው በማህፀን ካንሰር ሞተች። የቤተሰቧ መዝገብ ግን ቀረ።

በዚያ ዘመን ግን የዋርቲንን ሐሳብ የተቀበለ ብዙ አልነበረም። ካንሰር በዘር ሊተላለፍ ይችላል ማለት እንደ ተራ ግምት ይታይ ነበር።

ሰሚ ያጡት ዶክተር ሊንች

ታሪኩን ከወደቀበት ያነሱት ዶክተር ሄንሪ ሊንች ናቸው። ሊንች ሐኪም ከመሆናቸው በፊት የባህር ኃይል አባልና ቦክሰኛ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በነብራስካ ግዛት፣ በኦማሃ ከተማ ተለማማጅ ሐኪም ሳሉ በመጠጥ ብዛት የታመመ አንድ ሰው ገጠማቸው። ለምን እንደሚጠጣ ሲጠይቁት፣ ቤተሰቡ በአንጀት ካንሰር እያለቀ መሆኑንና እሱም በዚያው እንደሚሞት ስለሚያውቅ መሆኑን ነገራቸው።

ሊንችም እንደ ዋርቲን አዳመጡ። በ1966 ከነብራስካና ከሚሺጋን የተገኙ ሁለት ቤተሰቦችን ታሪክ አሳተሙ። የዋርቲን ጥናት ወራሾችም የቤተሰብ ጂን መዝገብ ሰጧቸው። በ1971 ያ ቤተሰብ እንደገና ሲጠና የተመዘገቡት የሥጋ ዘመዶች ከ600 በላይ ሆነው ነበር።

ይሁን እንጂ የዘመኑ ተመራማሪዎች ዓይናቸው ያረፈው በቫይረስ፣ በትምባሆና በአካባቢ ብክለት ላይ ነበር። ሊንች ለምርምራቸው ገንዘብ ሲጠይቁ በተደጋጋሚ ውድቅ ተደረገባቸው። እሳቸው ግን ከቤተሰብ ቤተሰብ እየሄዱ መጠየቅና መመዝገብ አላቆሙም። ዛሬ ይህ በዘር የሚተላለፍ ችግር በስማቸው «ሊንች ሲንድረም» ይባላል።

አራሚ የሌለው ገልባጭ

ምስጢሩ የተፈታው በ1993 እና በ1994 ነው። እስቲ በምሳሌ ላስረዳችሁ።

በገዳም ተቀምጦ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊን አስቡ። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። ስለዚህ ከኋላው ብራናውን የሚያነብ፣ የተሳሳተውን ፍቆ የሚያስተካክል አራሚ ያስፈልጋል። በሰውነታችንም አንድ ህዋስ ለሁለት ሲከፈል ሦስት ቢሊዮን ያህል «ፊደላት» ያሉትን የዘር መጽሐፍ (ዲኤንኤ) መገልበጥ አለበት። ስህተት ሲፈጠር የሚያርሙ ፕሮቲኖችም አሉት።

በቤተሰብ ጂና በመሰሎቹ ውስጥ በዘር ተበላሽቶ የሚተላለፈው የእነዚህ አራሚዎች ዘረ-መል ነው። በ1993 መጨረሻ ኤምኤስኤች2 የተባለው፣ በ1994 ደግሞ ኤምኤልኤች1 የተባለው ተገኙ። በኋላም ሌሎች ሁለት ተጨመሩ። አራሚው ሲጠፋ ስህተቱ በብዛት የሚታየው አንድ ዓይነት ፊደል ተደጋግሞ በሚጻፍበት ቦታ ነው። «አአአአአአአአ» የሚለውን ስትገለብጡ አንድ «አ» ዘልላችሁ ወይም ጨምራችሁ እንደምትሳሳቱት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስህተት በበዛበት ዕጢ ውጤት ላይ «ማይክሮሳተላይት ኢንስታቢሊቲ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ።

በ2000 የፖሊን ቤተሰብም ናሙና ተመርምሮ የኤምኤስኤች2 ብልሽት ተገኘበት። ልብስ ሰፊዋ ከተናገረች ከ105 ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድትለዩልኝ እፈልጋለሁ። «የዕጢው ዘረ-መል ተበላሽቷል» ማለት «ከወላጅ የተወረሰ ነው» ማለት አይደለም። ከ100 የአንጀት ካንሰሮች ውስጥ 15 ያህሉ አራሚያቸው የጠፋ ሲሆን፣ ከዘር የመጡት ግን ከ100 ወደ 3 ገደማ ናቸው። በሌሎቹ ላይ ብልሽቱ የተፈጠረው በዕድሜ ሂደት እዚያው ዕጢው ውስጥ ስለሆነ ወደ ልጅ አይተላለፍም።

አንድ መድኃኒት ብቻ የነበረበት ዘመን

ይህ ሁሉ እውቀት ለሕክምናው ምን ፈየደ? መጀመሪያ የነበረውን እንይ።

በ1957 ዶክተር ቻርልስ ሃይደልበርገርና ባልደረቦቻቸው ፍሎሮዩራሲል የሚባለውን መድኃኒት አስተዋወቁ። ይህ ዛሬም የአንጀት ካንሰር ኬሞቴራፒ ምሰሶ ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ከእሱ ውጪ ብዙ ምርጫ አልነበረም። ኢሪኖቴካንና ኦክሳሊፕላቲን የመጡት ወደ 1990ዎቹ መጨረሻና 2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሙ የሚጠይቀው «ዕጢው የት ነው? ምን ያህል ተሰራጭቷል?» ብሎ ብቻ ነበር። ዕጢው ውስጥ ምን እንደተበላሸ የሚጠይቅ አልነበረም።

በ2003 አንድ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎቹ ቀደም ሲል በኬሞ ሙከራ ከተሳተፉ 570 ታካሚዎች ተወስዶ የተቀመጠ የዕጢ ናሙና አውጥተው መረመሩ። አራሚያቸው ደህና የሆኑት በፍሎሮዩራሲል ተጠቅመዋል። አራሚ በጠፋባቸው ዕጢዎች ላይ ግን ጥቅሙ አልታየም። በኋላ የመጡ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናከሩ። ስለዚህ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ማለትም ወደ ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖድ) ያልደረሰ፣ አራሚ የጠፋበት ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ፍሎሮዩራሲል ብቻውን አይሰጥም፤ አብዛኞቹ ታካሚዎችም ክትትል ብቻ ይበቃቸዋል።

ይህን ልብ በሉ። የዘረ-መል ምርመራ የሚጠቅመው ውድ መድኃኒት ለመጨመር ብቻ አይደለም። የማይጠቅም ኬሞ፣ ከነማቅለሽለሹ፣ ከነወጪውና ከነመጉላላቱ እንዲቀር ያደርጋል።

የማይጠፋው ማብሪያ

በ2004 ሴቱክሲማብ የተባለ አዲስ መድኃኒት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በ2006 ፓኒቱሙማብ ተከተለው። ሁለቱም የሚሠሩት በህዋሱ ቆዳ ላይ ያለውን ኢጂኤፍአር የተባለ ተቀባይ በመሸፈን ነው። ይህን ተቀባይ እንደ ቤት ደወል ቁጠሩት። ከውጭ ሲደወል በሽቦው በኩል ወደ ውስጥ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት ይሄዳል። መድኃኒቱ ደወሉን ሲሸፍነው መልእክቱ ይቋረጣል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ግን ብዙ ታካሚዎች ምንም አልተሻላቸውም። ፊታቸው በሽፍታ ተሸፈነ፣ ገንዘባቸው ወጣ፣ ዕጢው ግን ማደጉን ቀጠለ። መጀመሪያ ላይ ደወሉ በብዛት ያለበትን ዕጢ መርጦ መስጠት ይበቃል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ እሱም አላዋጣም።

መልሱ የተገኘው ከደወሉ ሳይሆን ከሽቦው ነው። ከደወሉ በታች ኬ-ራስ የሚባል ፕሮቲን አለ። (በውጤት ወረቀታችሁ ላይ ኬ፣ አር፣ ኤ፣ ኤስ በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስሙ በአይጦች ላይ ዕጢ ከሚያመጣ ቫይረስ የመጣ እንጂ ከእኛ «ራስ» ጋር አይገናኝም።) ኬ-ራስ እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ሲታዘዝ ይበራል፣ ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል። በአንዳንድ ዕጢዎች ግን ዘረ-መሉ ተበላሽቶ ማብሪያው እንደበራ ተጣብቆ ይቀራል። እንግዲህ ደወሉን ብትሸፍኑት ምን ይፈይዳል? መብራቱ ከውስጥ በርቶ ቀርቷል።

በ2006 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሴቱክሲማብ የወሰዱ 30 ታካሚዎችን ዕጢ መረመሩ። ዕጢያቸው ከቀነሰላቸው 11 ሰዎች መካከል ኬ-ራስ የተበላሸበት አንድም አልነበረም። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ምልክቱ ግልጽ ነበር።

በ2008 የካናዳና የአውስትራሊያ ሐኪሞች ትልቁን ማረጋገጫ አመጡ። ቀደም ሲል 572 ሰዎች የተሳተፉበት የሴቱክሲማብ ሙከራ ነበራቸው። ከእነዚህ ውስጥ የ394ቱ የዕጢ ናሙና ተቀምጦ ስለነበር አውጥተው መረመሩት። ኬ-ራስ ደህና በሆነላቸው ታካሚዎች ላይ መድኃኒቱ በሕይወት የመቆያውን መካከለኛ ጊዜ ከ4.8 ወር ወደ 9.5 ወር ከፍ አድርጎታል። ኬ-ራስ በተበላሸባቸው ላይ ግን ምንም ለውጥ አላመጣም። የተበላሸባቸው ደግሞ ከ100 ወደ 42 የሚጠጉ ነበሩ። በ2009 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በመድኃኒቶቹ መመሪያ ላይ ይህ እንዲጻፍ አደረገ። በ2013 ደግሞ ኤን-ራስ የተባለው የኬ-ራስ ወንድምና ሌሎች የኬ-ራስ ብልሽቶችም ተጨመሩ። ያ ጥናት እንዳሳየው፣ ማብሪያው የተጣበቀባቸው ታካሚዎች ፓኒቱሙማብን ኦክሳሊፕላቲን ካለበት ኬሞ ጋር ሲወስዱ ኬሞውን ብቻ ከወሰዱት የባሰ ውጤት ነበራቸው።

እንግዲህ ጎረቤትዎ የወሰደችው መድኃኒት ለእርስዎ ካልታዘዘ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ያልሰጠዎት ከጉዳት ሊጠብቅዎት ብሎ ነው ማለት ነው።

ኬ-ራስ የተበላሸበት ሰው ደግሞ «መድኃኒት የለኝም» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ። ቀዶ ጥገናውም ዋናዎቹ የኬሞ መድኃኒቶችም ለእሱም ይሠራሉ። ለአርባ ዓመታት «መድኃኒት አይደፍረውም» ሲባል የነበረው ኬ-ራስ ራሱም መደፈር ጀምሯል፤ ጂ12ሲ ለሚባለው፣ በጥቂት ታካሚዎች ብቻ ለሚገኝ የብልሽት ዓይነት በ2024 በአሜሪካ መድኃኒት ተፈቅዷል።

አንድ ብልሽት፣ ሁለት አካል

ሌላም ትምህርት የሰጠ ዘረ-መል አለ፤ ቢ-ራፍ ይባላል። ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ይህ ዘረ-መል ተበላሽቶ ይገኛል። ይህን የሚያግደው ቬሙራፌኒብ በ2011 ሲፈቀድ የብዙ ሜላኖማ ታካሚዎችን ዕጢ አኮማተረ። ያው ብልሽት ከ100 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች በ8 ወይም በ10 ያህሉ ላይ ስለሚገኝ፣ መድኃኒቱ ለእነሱም ይሠራል ተብሎ ተጠበቀ። ነገር ግን የረዳው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ምክንያቱ በ2012 ታወቀ። በአንጀት ዕጢ ውስጥ ቢ-ራፍን ስትዘጉት ቅድም ያልነው ደወል፣ ኢጂኤፍአር፣ ይነቃና መልእክቱን በሌላ መንገድ ያስተላልፋል። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው ሆነ። ስለዚህ ሁለቱን በሮች አብሮ መዝጋት ተሞከረ፤ ኤንኮራፌኒብ ከሴቱክሲማብ ጋር ተሰጠ። ውጤቱ በ2019 ታትሞ በ2020 ተፈቀደ። ይህ የሚያስተምረን የዘረ-መሉ ስም ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ የትኛው አካል ላይ እንዳለም መታየት አለበት። ስለዚህ «ለዘመዴ የቆዳ ካንሰር የሠራ መድኃኒት ነው» ተብሎ ከውጭ የሚላክን መድኃኒት ያለ ካንሰር ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩ።

ድክመቱ ብርታት ሲሆን

አሁን ወደ ፖሊን ቤተሰብ ብልሽት እንመለስ።  የአራሚው መጥፋት ለሕክምና በር ሊከፍት እንደሚችል የታወቀው በአንድ ታካሚ ነው።

የሰውነታችን መከላከያ ወታደሮች ራሳችንን እንዳያጠቁ ፒዲ-1 የሚባል ፍሬን አላቸው። ይህን ፍሬን ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ካንሰር ይህንኑ ፍሬን ተጠቅሞ ይደበቃል። ፍሬኑን የሚያላቅቁ መድኃኒቶች (ኢሚዩኖቴራፒ) መጀመሪያ ሲሞከሩ የአንጀት ካንሰር ታካሚዎችን አልረዱም፤ ከአንድ ሰው በቀር። የዚያ ሰው ዕጢ ፈጽሞ ጠፋ። የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች «ይህ ሰው ከሌሎቹ በምን ይለያል?» ብለው ጠየቁ። ሲመረመር ዕጢው አራሚ የጠፋበት ሆኖ ተገኘ።

ለምን ቢባል፣ አራሚ የጠፋበት ዕጢ በስህተት የተሞላ ነው። ስህተቱ በበዛ ቁጥር እንግዳ የሆኑ ፕሮቲኖች ያመርታል። ስህተት የሞላበት ብራና ከሩቅ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ፍሬናቸው የተላቀቀላቸው የመከላከያ ህዋሶችም ይህን ዕጢ በቀላሉ ይለዩታል።

በ2015 ዶክተር ደንግ ሊና ባልደረቦቻቸው ፔምብሮሊዙማብ በተባለው መድኃኒት ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። አራሚ ከጠፋባቸው 10 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች የ4ቱ ዕጢ በግልጽ ቀነሰ። አራሚያቸው ደህና ከሆነው 18 ሰዎች ግን አንድም አልተሻለውም። በ2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህን መድኃኒት አራሚ ለጠፋበት ማንኛውም የተሰራጨ ጠጣር ዕጢ ፈቀደ። ዕጢው የበቀለበትን አካል ሳይሆን የዘረ-መሉን ምልክት ብቻ ተመልክቶ መድኃኒት ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር።

በ2020 መድኃኒቱ ከኬሞ ጋር ሲወዳደር በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን መካከለኛ ጊዜ ከ8.2 ወር ወደ 16.5 ወር አሳደገ። በ2022 ደግሞ በኒውዮርክ የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ሐኪሞች በፊንጢጣ አካባቢ ያለ፣ አራሚ የጠፋበት ካንሰር ላለባቸው 12 ሰዎች ዶስታርሊማብ የተባለውን ለስድስት ወር ሰጡ። የ12ቱም ዕጢ በምርመራ የማይታይ ሆነ፤ ጥናቱ እስከታተመበት ጊዜ አንዳቸውም ቀዶ ጥገና፣ ጨረር ወይም ኬሞ አላስፈለጋቸውም። ይህ ለታካሚው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ የፊንጢጣ ካንሰር ቀዶ ጥገና ለአንዳንዱ ሰው ዕድሜ ልክ ሰገራን በሆድ በኩል በከረጢት መቀበል፣ ጨረሩ ደግሞ ለወጣት ሴት ልጅ አለመውለድ ሊያስከትል ይችላል።

ያም ሆኖ ይህን ማጋነን አይገባም። ጥናቱ ትንሽ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕጢ ያለባቸውም ጥቂቶች ናቸው፤ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨባቸው 100 ሰዎች 4 ወይም 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ለአብዛኛው ታካሚ ይህ መድኃኒት አይሠራም። ጥቂቶቹን መለየት የሚቻለውም በምርመራ ብቻ ነው።

ታሪኩ ለእኛ ቤት ምን ይላል?

ሀገራችን ውስጥ እነዚህ ምርመራዎች በየቦታው እንደማይገኙ፣ አዳዲሶቹ መድኃኒቶችም እጅግ ውድ እንደሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዚህ ታሪክ ዛሬውኑ የሚጠቅሙን ነገሮች አሉ።

1. ናሙናችሁን አትጣሉ። ከዕጢው የተወሰደው ሥጋ በሰም ተደርጎ ይቀመጣል፤ «ብሎክ» ይባላል። በ2003 እና በ2008 የተገኙት መልሶች በሙሉ የመጡት ከተቀመጠ ብሎክ ነው። ብሎኩ የት እንዳለ ጠይቁ። ለእናንተ ከተሰጣችሁ ከሙቀትና ከፀሐይ አርቃችሁ፣ ከፓቶሎጂ ውጤቱ ጋር አስቀምጡት። ሕክምና ቦታ ብትቀይሩ፣ ወደ ውጭ ብትሄዱ ወይም ዘመድ ለማሳየት ቢፈልግ በቅድሚያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

2. ጠይቁ። ለማንኛውም የአንጀት ካንሰር ታካሚ «የአራሚ ፕሮቲኖች ምርመራ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ናሙናውን በልዩ ቀለም በማቅለም የሚታይ ስለሆነ ከሌሎቹ የዘረ-መል ምርመራዎች ቀለል ይላል። ካንሰሩ ከተሰራጨ ደግሞ ስለ ኬ-ራስ፣ ኤን-ራስና ቢ-ራፍ ጠይቁ። ሴቱክሲማብ ወይም ፓኒቱሙማብ ለመግዛት ንብረት ከመሸጣችሁ በፊት የራስ ምርመራው ውጤት እጃችሁ ይግባ።

3. የቤተሰባችሁን ታሪክ ተናገሩ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው። «አባትህ በምን ሞተ?» ሲባል «በሆድ ሕመም» ይባላል። «አክስትሽስ?» ሲባል «የሴት ሕመም ነበረባት» ተብሎ ይታለፋል። ልጅ እንዳይደነግጥ፣ ሰው እንዳያወራ፣ ለትዳር እንዳያስቸግር ተብሎ የሚደበቅ ብዙ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እዚህ ላይ ከአንድ ሰው አልፎ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ሊንች ሲንድረም ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

4. ማወቅ ለፍርሃት አይደለም። በ2000 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ሊንች ሲንድረም ባለባቸው ቤተሰቦች ውስጥ በየሦስት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ ያደረጉትን ለ15 ዓመታት ተከታተለ። የአንጀት ካንሰሩ ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸር በ62 በመቶ ቀነሰ። ምክንያቱም ወደ ካንሰር የሚለወጠው ትንሽ እብጠት (ፖሊፕ) አስቀድሞ ታይቶ ይወጣል። አሁን ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ከ20 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ ነው፤ እንደ ዘረ-መሉ ዓይነት ይለያያል።

በቤተሰብ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች በአንጀት ወይም በማህፀን ካንሰር የታመመ ሰው ካለ፣ ወይም በአንድ ወገን ሁለት ሦስት ዘመዶች በእነዚህ ከታመሙ፣ ሳትታመሙም ቢሆን ሐኪም አማክሩ። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ የሰገራ ልማዳችሁ ከተለወጠ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳችሁና ደም ካነሳችሁ ደግሞ «ኪንታሮት ነው፣ አሜባ ነው» እያላችሁ ወራት አታሳልፉ። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ግን በግምት አይታወቅም።

ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። «አያቶቻችን በምን ሞቱ? በስንት ዓመታቸው?» ብላችሁ በወረቀት ጻፉት። ፖሊን ግሮስ ከተናገረችው እስከ ዘረ-መሉ መገኘት ድረስ 105 ዓመት ወስዷል። የእናንተ ልጆች ያን ያህል መጠበቅ የለባቸውም፤ ምርመራው አለ፣ የጎደለው ንግግሩ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ እንጂ የሐኪማችሁን ምክር የሚተካ አይደለም። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። የታመመ ዘመድ ላለው ወዳጃችሁም አጋሩት።

ጤና ለሁላችን ይሁን!